«እግዚአብሔር መራኝ» ስንል ምን ማለታችን ነው?



በዚህ የማኅበራችን ጽሑፍ ላይ ስለ ምግብ አዳራሽ፥ ስለ መኝታ ክፍል፥ ስለ ቤተ መጻሕፍት ሰዓትና ስለ ፈተና አሰጣጥ መጻፍ የተለመደ ነው። ተገቢም ነው፤ ተማሪ ሳይበላና ሳያነብ አይማርምና። ነገር ግን ከነዚህ ሁሉ ይልቅ የብዙዎቻችንን ሕይወት ወዲያና ወዲህ የሚያዞር አንድ አነጋገር በመካከላችን ሲመላለስ እንሰማለን፤ ስለ እርሱ ግን ብዕሩን የሚያነሣ ሰው እምብዛም አይገኝም። ይኸውም «እግዚአብሔር መራኝ» የሚለው አነጋገር ነው።

አንዱ የትምህርት ክፍል ሲመርጥ ይህን ይላል። ሌላው ትምህርቱን በሁለተኛው ዓመት አቋርጦ ሲወጣ ይህንኑ ይላል። አንዲት ልጅ ለብዙ ጊዜ ያወቀችውን እጮኛዋን የምትተወው፥ ወይም ለሁለት ሳምንት ብቻ ያወቀችውን የምታገባው በዚሁ ቃል ነው። አንዳንዱ ቃሉን ያገኘው ሱባኤ ገብቶ ነው፤ አንዳንዱ ጾሞና ጸልዮ ነው፤ አንዳንዱም በጉባኤ መካከል አንድ ሰው አስነሥቶት «ጌታ እንዲህ ይልሃል» ብሎት ነው። ምንጩ የተለያየ ይሁን እንጂ ውጤቱ አንድ ነው። ቃሉ ከተነገረ በኋላ ጭውውቱ ይቆማል። ወላጅ ዝም ይላል፤ ጓደኛ ዝም ይላል፤ መምህርም «እንግዲህ ምን እላለሁ?» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

እኔ በበኩሌ ይህ ዝምታ ትክክል አይመስለኝም። በዚህ ነገር በመካከላችን ሁለት ወገኖች አሉ። የመጀመሪያው ወገን ነገሩን ሁሉ የአላዋቂ ሕልም ነው ብሎ ይስቅበታል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የሰማውን ሁሉ አሜን ብሎ ይቀበላል። ሁለቱ ወገኖች ተቃራኒዎች ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ነገሩ አይመረመርም በማለት። አንደኛው የማይረባ ስለ ሆነ አይመረመርም ይላል፤ ሌላው ቅዱስ ስለ ሆነ አይመረመርም ይላል። እኔ ግን ክርስቲያን እንደ መሆኔ እግዚአብሔር ሰውን ይመራል ብዬ አምናለሁ፤ ስለማምንም ነው ይመርመር የምለው። ወርቅ መሆኑን የሚያምን ሰው ወርቁን እሳት ውስጥ ለማግባት አይፈራም። የሚፈራው መዳብ ይዞ ወርቅ ነው የሚል ነው።

መጽሐፍ ቅዱስን ጠንቅቆ ያነበበ ሰው በቅድሚያ የሚያስተውለው እኛ እንደ ምልክት የምንቆጥራቸው ነገሮች ሁሉ እዚያ ውስጥ ሰውን ሲያሳስቱ መገኘታቸውን ነው። እስኪ ጥቂቶቹን እንመልከት።

የመጀመሪያው «በሩ ተከፈተልኝ» የሚለው ነው። ነገሩ ሁሉ ቀንቶ፥ ገንዘቡ ተገኝቶ፥ ሰዓቱም ገጥሞ ሲሄድ እግዚአብሔር ፈቅዶአል እንላለን። ነገር ግን ዮናስ ወደ ነነዌ ሂድ ተብሎ ወደ ተርሴስ ሲኮበልል ኢዮጴ ወደብ እንደ ደረሰ ወደ ተርሴስ የሚሄድ መርከብ አገኘ፤ የመሳፈሪያውም ገንዘብ አልጐደለውም። እንዲህ የተከፈተ በር ከየት ይገኛል? ሆኖም የኰብላይ በር ነበር። ዳዊትም በዓይንጋዲ ዋሻ ተሸሽጎ ሳለ ሲያሳድደው የነበረው ሳኦል ብቻውን ወደዚያው ዋሻ ገባለት። ሰዎቹ ወዲያውኑ እግዚአብሔር የተናገረው ቀን ዛሬ ነው ብለው ተረጐሙለት። ጠላት በእጅ ገብቶ፥ ጨለማ ሆኖ፥ ተስፋውም ቀደም ብሎ ተነግሮ ሳለ ዳዊት ግን ሰይፉን አልመዘዘም። የልብሱን ዘርፍ ብቻ ቈረጠ፤ ለዚያም እንኳ ልቡ ወቀሰው። እንግዲህ የተከፈተ በር የሚያሳየን መግባት እንደሚቻል ነው እንጂ መግባት እንደሚገባ አይደለም።

ሁለተኛው «ስለ አንተ ተነግሮኛል» የሚለው ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 የተጻፈውን ታሪክ በየጉባኤው ሲሰበክ ብሰማ ደስ ባለኝ ነበር። ከይሁዳ የመጣ የእግዚአብሔር ሰው በቤቴል እንጀራ እንዳይበላ፥ ውኃም እንዳይጠጣ ታዝዞ ነበር። ንጉሡ ራሱ ወደ ቤቱ ቢጋብዘው እምቢ አለ። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ ነቢይ መንገድ ላይ ደርሶበት እኔም እንዳንተው ነቢይ ነኝ፤ መልአክ ስለ አንተ ነግሮኛል አለው። ሰውዬውም አመነና ተመለሰ፤ በላም፤ ጠጣም። ሽማግሌው ግን ዋሽቶት ነበር። በመንገድም አንበሳ አግኝቶ ገደለው። ታሪኩ ከባድ ነው፤ ትምህርቱ ግን ግልጥ ነው። የነጋሪው ሽበትና ማዕረግ፥ የመልአክም ስም መጠራቱ፥ አንተ ራስህ ከምታውቀው ትእዛዝ በላይ ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው የብዙ ሰው ድምፅ ነው። ንጉሥ አክዓብ ሬማት ዘገለዓድን ለመውጋት ባሰበ ጊዜ አራት መቶ ያህል ነቢያት ሰብስቦ ጠየቀ። አራት መቶውም በአንድ አፍ ውጣ፤ ድል ታደርጋለህ አሉት። ሌላ የመሰከረ የይምላ ልጅ ሚክያስ ብቻ ነበር፤ እርሱም ጉንጩን በጥፊ ተመትቶ ወደ ወኅኒ ተጣለ። አክዓብም ወጣ፤ ሞተም። እንግዲህ አዳራሽ ሙሉ ሰው እልል ማለቱ ነገሩ ከእግዚአብሔር ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። አራት መቶ ሰው በአንድ ድምፅ ሲስማማ ጠቢብ ሰው የሚጠይቀው ከመካከላቸው እምቢ ማለት የሚችል ሰው አለ ወይ? ብሎ ነው።

አራተኛውን ለመጥቀስ ያህል ብቻ ላንሣው። መጽሐፍ ቅዱስን ዓይንን ጨፍኖ መግለጥና ጣት ባረፈበት ላይ ውሳኔ መስጠት በአንዳንዶቻችን ዘንድ የተለመደ ሆኖአል። ይህን የሚያደርገው ሰው አውደ ነገሥት የሚያስቈጥረውን ጎረቤቱን ሲነቅፍ እንሰማዋለን። መጽሐፉ ተለወጠ እንጂ ሥራው መቼ ተለወጠ?

እንግዲህ «ይህ ሁሉ የሚያሳስት ከሆነ እግዚአብሔር አይናገርም ማለትህ ነው ወይ?» የሚል ሊኖር ይችላል። አይደለም። ችግሩ ያለው ከመናገሩ ላይ ሳይሆን ከአጠያየቃችን ላይ ነው። ለዚህም ከትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 42 የበለጠ መስተዋት አላገኘሁም። ኢየሩሳሌም ከጠፋች በኋላ የቀረው ሕዝብ ከነሹማምንቱ ወደ ኤርምያስ መጥቶ ወደ እግዚአብሔር ጸልይልን፤ የምንሄድበትን መንገድ ይንገረን፤ መልካም ቢሆን ክፉም ቢሆን እንታዘዛለን ብሎ ማለ። ኤርምያስም ጸለየ። መልሱ የመጣው ከዐሥር ቀን በኋላ ነው። ልብ በሉ፤ ከእናቱ ማኅፀን የተጠራው ኤርምያስ እንኳ ዐሥር ቀን ጠብቆአል። መልሱም በአገራችሁ ተቀመጡ፤ ወደ ግብፅ አትውረዱ የሚል ነበር። ያን ጊዜ ያ የማለ ሕዝብ ሐሰት ትናገራለህ አለና ወደ ግብፅ ወረደ። ጓዙን ጠቅልሎ ከጨረሰ በኋላ ነበር ጸልይልን ያለው ማለት ነው።

ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ጓዛችንን ጠቅልለን ምሪት የምንጠይቅ? የምንፈልገውን ልጅ፥ የምንፈልገውን ሥራ፥ የምንፈልገውን አገር መርጠን ከጨረስን በኋላ እግዚአብሔርን የምንፈልገው ለማኅተም ነው። ማኅተሙ ከአንዱ ጸሎት ቤት ካልተገኘ ወደ ሌላው እንሄዳለን፤ ከአንዱ አባት ካልተገኘ ሌላ አባት እንፈልጋለን። የሚስማማን መልስ በተገኘ ዕለት ደግሞ «እግዚአብሔር ነገረኝ» እንላለን። ስለዚህ የእግዚአብሔርን ምሪት ለመለየት መማር የሚጀምረው ድምፅን ከማዳመጥ ሳይሆን «እምቢ ብባል እሺ እላለሁ ወይ?» ብሎ ራስን ከመጠየቅ ነው። ለዚህ ጥያቄ አዎን ብሎ መመለስ የማይችል ሰው ምሪት እየጠየቀ አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ መታወቅ ያለበት ነገር ይህ የማዳመጥ ችሎታ ትምህርት መሆኑ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለም? ብላቴናው ሳሙኤል ያደገው በቤተ መቅደስ ውስጥ ነው፤ የሚተኛውም ታቦቱ ባለበት ቤት ነው። ነገር ግን ሲጠራ ሦስት ጊዜ የዔሊ ድምፅ መስሎት ወደ ዔሊ ሮጠ። ድምፁን መስማት አንድ ነገር ነው፤ የማን እንደ ሆነ ማወቅ ሌላ ነው። ይህንንም ያስተማረው ዔሊ ነው፤ ዓይኑ የፈዘዘ፥ ልጆቹንም መገሠጽ ያቃተው ሽማግሌ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የማግሥቱ ነገር ነው። ለሳሙኤል የተነገረው ቃል በዔሊ ቤት ላይ የተፈረደ ፍርድ ነበር። ዔሊ ብላቴናውን አንዳች ሳትሸሽግ ንገረኝ አለው፤ ሰምቶም ተቀበለ። ታናሹን እንዲሰማ ማስተማርና የሰማውም ቃል ራስን የሚነቅፍ ሲሆን አለመቈጣት፥ መንፈሳዊ አባትነት ማለት ይህ ነው። ተከታዮቹን ለራሱ ጥቅም ብቻ እንዲሰሙ የሚያሠለጥን መሪ ግን ከዔሊ ድክመት እንጂ ከዔሊ ትልቅነት አልተካፈለም።

ይህም ትምህርት አእምሮን የሚያሰናብት አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ጳውሎስና ባልንጀሮቹ በእስያ ሊሰብኩ አስበው ተከለከሉ፤ ወደ ቢታንያ ሊሄዱ ሞክረው አልተፈቀደላቸውም፤ ጢሮአዳ ደረሱ። በዚያ ሌሊት ጳውሎስ የመቄዶንያ ሰው ቆሞ ሲለምነው በራእይ አየ። ከዚያ በኋላ ግን ጸሐፊው ሉቃስ የሚናገረው በብዙ ቍጥር ነው፤ ተነጋግረውና አገናዝበው እግዚአብሔር ወደዚያ ጠራን ብለው የደመደሙት አንድ ላይ ነው። ራእዩን ያየ አንድ ሰው ነው፤ ትርጓሜውን የደረሱበት ግን ሁሉም ናቸው። ሁለት ጊዜ እምቢ መባላቸውም ከምሪቱ ውጭ አልነበረም፤ መንገዱ የተገኘው እየሄዱ ነውና። መቄዶንያም ገብተው በፊልጵስዩስ ልብሳቸው ተገፎ ተገረፉ፤ ታሰሩም። እንግዲህ መከራ ስለ ደረሰብን ምሪቱ ስሕተት ነበር ማለት አይቻልም፤ ስለ ተመቸንም ትክክል ነበር ማለት አይቻልም።

በዚሁ መጽሐፍ ምዕራፍ 8 የኛን አገር የሚነካ ታሪክ አለ። የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ባለሟል በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። የተማረና ባለሥልጣን ሲሆን የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ቢጠየቅ፥ የሚመራው ሰው ከሌለ እንዴት እንደሚችል መልሶ ጠየቀ፤ ፊልጶስንም ወደ ሠረገላው አውጥቶ ከአጠገቡ አስቀመጠው። መልአክ የተላከው ወደ ፊልጶስ ነበር፤ ለኢትዮጵያዊው የተላከለት ግን ሰው ነው። እርሱ ዘንድ ምሪት የመጣው በማንበብ፥ በመጠየቅና በመወያየት ነው። ይህ የተማሪ መንገድ ነው፤ ልናፍርበት አይገባም።

ታዲያ እንዴት እንለይ? ለዚህ ጥያቄ የአባቶች ምክርና የታሪክ ፍርድ የሚያስተምሩንን በአራት ነጥብ ልጠቅልለው።

1ኛ/ ከሚታወቀው ትእዛዝ ጋር ይስማማል ወይ? የእግዚአብሔር ፈቃድ አብዛኛው ክፍል ምሥጢር አይደለም። በፈተና ላይ መኰረጅ እንደማይገባ፥ የተበደሩትን ገንዘብ መመለስ እንደሚገባ፥ በገጠር ያለች እናትን መርሳት ነውር እንደ ሆነ ለማወቅ ማንም ሰው ሱባኤ መግባት አያስፈልገውም። የታወቀውን ሳይፈጽም የተሰወረውን የሚፈልግ ሰው፥ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሳይከፍት ሁለተኛውን የሚጠብቅ ሰው ይመስላል።

2ኛ/ ለሌላ ሰው ምርመራ ይቀርባል ወይ? በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የጻፈው ዮሐንስ ካስያን በግብፅ በረሓ ስለ ነበረ ሄሮን ስለሚባል አንድ ሽማግሌ መነኵሴ ይተርካል። ሄሮን ኀምሳ ዓመት በጾምና በብቸኝነት ተጋድሎ የኖረ ሰው ነበር፤ ለፋሲካ እንኳ ከወንድሞች ጋር ለመብላት አይመጣም ነበር። በመጨረሻ የብርሃን መልአክ መስሎ የታየውን ተቀብሎ፥ ጽድቄ ይጠብቀኛል ብሎ ጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ ዘለለ። ወንድሞቹ ቢያወጡትም በሦስተኛው ቀን ሞተ። አባቶች ከዚህ ታሪክ ያወጡት ትምህርት ትንሽ ጾመ የሚል አይደለም፤ የራሱን ሐሳብ ለወንድሞቹ አላማከረም የሚል ነው። በአገራችንም በግዕዝ የሚነበቡት መጻሕፍተ መነኮሳት፥ ማር ይስሐቅና ፊልክስዩስ አረጋዊ መንፈሳዊም፥ ለሰው የሚመጣለትን ሐሳብ ሁሉ እንደ መጣ እንዳይቀበል የሚያስጠነቅቁ ናቸው። የንስሐ አባት ሥርዐት ቁም ነገሩ ይኸው ነው። በኀምሳ ዓመት ተጋድሎ ያልተገኘ ዋስትና በአንድ ሌሊት ጸሎት ይገኛል ብሎ ማሰብ ድፍረት ነው። የሚመረምርልንም ሰው ሁለት ነገር ሊኖረው ያስፈልጋል፤ የሚወደን መሆን አለበት፤ ከውሳኔያችንም የሚያገኘው ጥቅም መኖር የለበትም።

3ኛ/ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1935 የፋሺስት ጦር ኢትዮጵያን ሲወርር የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በካቴድራሉ ሆነው ያ ጦር የክርስቶስን መስቀል ወደ ኢትዮጵያ የሚያደርስና የባሪያዎችን ሰንሰለት የሚሰብር ነው ብለው ሰበኩ። በዚያው የወረራ ዘመን፥ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደበደቡ። የተፈለገባቸው ለወራሪው እንዲገዙ፥ ሕዝቡም እንዲገዛ እንዲሰብኩ ነበር፤ እምቢ አሉ። ሁለቱም ጳጳሳት ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ወንጌል ያነብባሉ፤ ሁለቱም በእግዚአብሔር ስም ተናገሩ። የአንደኛው ቃል ዋጋ በሌላ ሕዝብ ላይ የወረደ ቦምብና መርዝ ጋዝ ነበር፤ የሁለተኛው ቃል ዋጋ የተናጋሪው የራሱ ነፍስ ነበር። ይህ ብቻውን ነገሩን ሁሉ አይፈታውም፤ ለራሱ ስሕተት ነፍሱን የሰጠ ሰው በታሪክ አለና። ሆኖም «ምሪቱ» ሁልጊዜ ለእኔ ትርፍ ለሌላው ኪሣራ የሚያመጣ ከሆነ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል።

4ኛ/ ጊዜ ይችላል ወይ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ዛሬ ካልወሰንክ በረከቱ ያመልጥሃል የሚል ድምፅ የነጋዴ እንጂ የእረኛ ድምፅ አይመስለኝም። ኤርምያስ ዐሥር ቀን ከጠበቀ እኛ አንድ ወሰነ ትምህርት ብንጠብቅ ምን ይቀርብናል? ከእግዚአብሔር የሆነ ነገር በመቈየት አይሻግትም።

አሁን «እነዚህ አራት ነጥቦች ከተሟሉ እርግጠኛ እሆናለሁ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። መልሴ አትሆንም ነው። ይህንንም ተስፋ ለማስቈረጥ አልልም። ጀርመናዊው የነገረ መለኮት መምህር ዲትሪክ ቦንሆፈር እ.ኤ.አ. በሰኔ 1939 ኒው ዮርክ ደረሰ። ዕድሜው 33 ዓመት ነበር፤ ወዳጆቹም ከናዚ መንግሥትና ከሚመጣው ጦርነት እንዲያመልጥ ሥራ አዘጋጅተውለት ነበር። በሩ ተከፍቶአል ማለት ነው። እርሱ ግን ዕረፍት አጣ። በዚያ ወራት የጻፈው የዕለት ማስታወሻ እንደሚያሳየው ድምፅም አልሰማም፤ ራእይም አላየም። ምክንያቶቹን ራሱም በሙሉ እንደማይረዳቸው ጽፎአል። የሚያውቀው ነገር አንድ ነበር፤ የሕዝቡን መከራ ካልተካፈለ ከጦርነቱ በኋላ አገሩን በማደስ ሥራ ለመካፈል መብት አይኖረውም። አንድ ወር ያህል ቈይቶ በሐምሌ ተመለሰ። በሚያዝያ 1943 ታሰረ፤ ሚያዝያ 9 ቀን 1945 በፍሎሰንቡርግ ተሰቀለ። ይህ ሰው «እግዚአብሔር ነግሮኛልና ማንም አይጠይቀኝ» አላለም። ያወቀውን ያህል አውቆ፥ ያላወቀውን ለእግዚአብሔር ትቶ ወሰነ፤ ውሳኔውንም የራሱ አድርጎ ተሸከመ።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል። «እግዚአብሔር መራኝ» የሚለው ቃል በሁለት መንገድ ይነገራል። በአንደኛው መንገድ ሲነገር ተናጋሪው ኀላፊነቱን ከራሱ ላይ አውርዶ በእግዚአብሔር ላይ ይጭናል፤ ነገሩ ቢበላሽ ጥፋተኛ የለም። በሁለተኛው መንገድ ሲነገር ተናጋሪው መርምሬ፥ ተመክሬ፥ ጸልዬ እንዲህ ይመስለኛል፤ ብሳሳት ጥፋቱ የእኔ ነው ይላል። ሐዋርያት እንኳ በኢየሩሳሌም ጉባኤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ውሳኔያቸውን ሲጽፉ መንፈስ ቅዱስንና ራሳቸውን አብረው ጠቀሱ እንጂ መንፈስ ቅዱስን ብቻ ጠቅሰው ራሳቸውን ከኀላፊነት አላወጡም። ደግሞም ያ ውሳኔ የመጣው ከብዙ ክርክር በኋላ ነበር።

ከዚህም የሚከተለው ነገር ማንም ሰው በሌላው ፈንታ አይመራም የሚል ነው። አንድ ወንድም ወደ አንዲት እኅት ቀርቦ እንድታገቢኝ እግዚአብሔር ነግሮኛል ቢላት መልሷ አጭር ሊሆን ይገባል፤ እንኳን ነገረህ፤ ለእኔም ሲነግረኝ እንነጋገራለን። ይህ አለማመን አይደለም። እግዚአብሔር ለእርስዋም አባት ነው፤ የእርስዋን ሕይወት በተመለከተ እርስዋን ዘልሎ አይናገርም። «እወድሻለሁ» ለማለት ድፍረት ያጣ ወንድም የእግዚአብሔርን ስም ሽማግሌ አድርጎ መላኩ ለእርስዋም ለእግዚአብሔርም ክብር አይደለም። እንዲሁም ገንዘብ ተቀብሎ የተማሪን የወደፊት ዕድል የሚናገር ሰው ሲያጋጥመን፥ ምን ዓይነት ስም ቢሰጠው፥ ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ።

ለመምህሮቻችንም አንድ ቃል አለኝ። አንድ ተማሪ በርዎን አንኳኵቶ እግዚአብሔር ትምህርቴን ተው ብሎኛል ቢልዎት፥ እባክዎን አይሳቁበት፤ ዝምም አይበሉት። ቢስቁበት ነገ ወደማይስቁበት፥ ግን ወደሚጠቀሙበት ሰዎች ይሄዳል። ይልቁንስ ወንበር ይስጡትና ይጠይቁት። መቼ ሰማህ? ማንን አማከርህ? ከዚህ በፊት ደክሞህ ወይም ወድቀህ ነበር ወይ? ቤተሰቦችህ ምን አሉ? አንድ ወር ብትቈይ ምን ይቀርብሃል? እነዚህ የሃይማኖት ጥያቄዎች አይደሉም፤ የሰውነት ጥያቄዎች ናቸው። ምሪቱ እውነተኛ ከሆነ በነዚህ ጥያቄዎች አይፈርስም፤ ድካም ወይም ፍርሃት ከሆነ ግን ልጁ በጊዜው ይደረስለታል።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ሥራው ግልጥ ነው። በክፍል ውስጥ ማስረጃ ሳይቀርብ ምንም ነገር አንቀበልም እያልን፥ የሕይወታችንን ትልልቅ ውሳኔዎች ግን ባልተመረመረ ቃል ብናደርግ ትምህርታችን ግማሽ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ መመርመርን ተምረን መታዘዝን ካልተማርን ሌላው ግማሽ ይጐድለናል። ምርመራው የመታዘዝ መንገድ እንጂ የመሸሻ መንገድ እንዳይሆን ያስፈልጋል። መርምሮ ያረጋገጠውን የማያደርግ ሰው ከዚያ ከማለው ሕዝብ ጋር ወደ ግብፅ የሚወርድ ነው።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ጓደኛችን «እግዚአብሔር መራኝ» ሲለን ዝም አንበል፤ አንሳቅበትም። «እስኪ እንዴት እንደ ሆነ አጫውተኝ» እንበለው። ደስ ብሎት ከተናገረና ጥያቄያችንን ከታገሠ አብረነው እንጸልይ። ስለ ጠየቅነው ከተቈጣ ግን በፍቅር እንንገረው፤ ከእግዚአብሔር የሆነ ነገር ጥያቄ አይፈራም። በዚህ ሐሳብ የማይስማማ አንባቢ ቢኖር ደግሞ ብዕሩን ያንሣና በሚቀጥለው እትም ይመልስልኝ፤ ሐሳቤም እንደ ሌላው ሁሉ ለምርመራ የቀረበ ነው።